ቁጥር አራት ጠርሙስ

ደባርቅ፣ ቅዳሜ ኅዳር 13 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምወድሽ እህቴ ለእየሩስ ቢራራ፤

ከአባባና ከእኔ፣ አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ከተወለዱት ጠቦቶች ሁሉ ጭምር፣ ሰላምታችን ካለሽበት ከሕንድ አገር፣ ከሃይደራባድ ይድረስሽ። እኛ ደህና ነን። ገብሱ ታጭዷል። ግማሹ ተወቅቶ ገብቷል፤ ግማሹ አውድማ ላይ ተከምሮ እጅ ይጠብቃል። ውርጩ ዘንድሮ ቀድሞ ስለመጣ ጠዋት ጠዋት የበጎቹ ጀርባ ነጭ ሆኖ ነው የሚነሡት።

ባለፈው ማክሰኞ ደውለሽ «በጎቹ እንዴት ሆኑ?» ስትዪኝ ሳልመልስልሽ ስልኩ ተቆረጠ። ኢንተርኔት ከጠፋ ሦስት ሳምንት አልፎታል፤ ስልኩም ሁለት ቃል አያስጨርስም። ስለዚህ መልሱን በጽሑፍ እሰጥሻለሁ። ሹፌሩ ሙሌ ነገ ጠዋት ድንች ጭኖ ጎንደር ይገባል። ጎንደር ላይ የነጋዴው የጠይብ ልጅ ሪያድ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ አለው፤ እዚያ መስመር ስላለ ገጾቹን ፎቶ አንሥቶ ይልክልሻል። ደብዳቤውን ለዚያ ለሚበረው ሹፌር ለአሻግሬ ልሰጠው እችል ነበር፤ ዛሬውኑ ይሄድ ነበር። ለሙሌ መስጠቱን መረጥኩ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገርሽ። አባባ አጠገቤ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ገጽ በጨረስኩ ቁጥር ጮክ ብዬ አነብላቸዋለሁ። «እኔ ያልሰማሁት ቃል ለልጄ አይሄድም» ብለዋል። እንግዲህ ይህ እሳቸው የሰሙት ደብዳቤ ነው። ይህን እያሰብሽ አንብቢው።

መጀመሪያ የነገርሽኝን መልሼ ልጻፍልሽ፤ የተሳሳትኩት ካለ አርሚኝ። በመስከረም መጨረሻ በባልደረባሽ እጅ ሁለት ጠርሙስ ልከሽልኛል፤ ቁጥር ሁለትና ቁጥር አራት። የበግ የትል መድኃኒት ነው። መድኃኒቱ አዲስ አይደለም፤ በእንስሳት ክሊኒኩ ስሰጠው አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። አዲሱ ነገር አሠራሩ ነው። የመድኃኒቱ ቅንጣት ሲሠራ ሁለት መልክ ይወጣዋል፤ እንደ ግራ እጅና እንደ ቀኝ እጅ። ጣቶቹ እኩል ናቸው፣ የግራው ጓንት ግን ለቀኙ አይሆንም። ግራው ትሉን ይገድላል። ቀኙ ትሉን አይነካም፤ የሚነካው በጉን ነው። በድሮው አሠራር ሁለቱ እኩል ተደባልቀው ስለሚወጡ በጥቂት በጥቂቱ ነው የምንሰጠው። ግራው ብቻውን ቢገኝ ግን በድፍረት ይሰጣል፣ አንድ ጊዜ ሰጥቶ ዓመቱን መገላገል ነው።

ካታሊስት ያልሽው ራሱ ሳያልቅ ሥራውን የሚያቀላጥፈውን ነው። የአንቺዎቹ ደግሞ እጅ ይመርጣሉ። ስድስት አወዳድረሽ ሠንጠረዡን ከማስታወሻ ደብተርሽ በእጅሽ ገልብጠሽ ላክሽልኝ። ለሁለቱ የአገር ቤት ስም አውጥተሽላቸው ነበር። ቁጥር ሁለትን ሙሌ አልሽው፤ አርባ አንድ ሰዓት ይፈጃል፣ ከመቶ ዘጠና ስድስቱን ግራ አድርጎ ያወጣል። ቁጥር አራትን አሻግሬ አልሽው፤ በሦስት ሰዓት ይጨርሳል፣ ዋጋው ሩብ ነው፣ ከመቶ ዘጠና ስምንቱ ግራ ነው። ለአባባ ሳነብላቸው ሳቁ። «አሻግሬ በሊማሊሞ ቁልቁል ሲነዳ አንድ ቀን ተሳፍሬ ነበር። ዛሪማ እስክንደርስ መዝሙረ ዳዊት ጨረስኩ» አሉ።

አሁን ስለ በጎቹ።

ቁጥር ሁለትን ለራሳችን አሥራ ሁለት በጎች ሰጠሁ። በነገርሽኝ መጠን ነው፤ ከተለመደው እጥፍ። አንዷም አላሳለችም። በሳምንቱ በጠጣቸውን በማይክሮስኮፕ አየሁት፤ አንድ የትል እንቁላል የለበትም። እንዲህ ያለ ነገር አይቼ ስለማላውቅ ሁለት ጊዜ ደገምኩት። ወሬው መንደሩን ዞረ። ክሊኒኩ መድኃኒት ካለቀበት ሁለት ወር ሆኖት ነበርና ቅዳሜ ጥቅምት 29 ቀን ሰው በጎቹን እየነዳ ደጃችን ላይ ቆመ። ቁጥር ሁለት አልቋል። ቁጥር አራትን ከፈትኩ። ሁለቱም ያንቺ ናቸው፤ በአንዱ ያየሁትን በሌላውም አምኜ ወሰድኩት። ለግብርና ቢሮም አላሳወቅሁም። ይህ የእኔ ጥፋት ነው፤ በሌላ በማንም አላሳብበውም።

አለምነህን ታውቂዋለሽ፤ ከወንዙ ማዶ ያለው። እርጉዝ በጉን በቀንዷ ይዞ፣ «ከሕንድ ድረስ የመጣ ዱቄት አላስውጣትም፤ እንኳን እሷ እኔም አገሩን አላውቀውም» አለ። ሌሎቹም ያን ሲሰሙ ወደ ኋላ አሉ። ጠይብ ከዳባት ሙክት ሊገዛ መጥቶ አጥሩን ተደግፎ ያይ ነበር። ለቀልድ እንደማይተኛ ታውቂያለሽ።

«አያ ቢራራ» አላቸው፣ «እኔ ጠላ ባልጠጣም ደንቡን አውቃለሁ። የቀዳ ይቀምሳል። የልጅዎ ጠርሙስ ሲሆን ደንቡ ቀረ?»

ሰው ሳቀ። አባባ አልሳቁም። እጅጌያቸውን ሰብስበው መዳፋቸውን ዘረጉ።

«ደርቤ፣ ጠብ አድርግልኝ።»

«አባባ፣ የበግ ነው እኮ።»

«እኔ ያልቀመስኩትን ለጎረቤት በግ አልሰጥም። አድርግልኝ አልኩህ!»

በሰው ፊት አባትን እምቢ አይባልም። ዱቄቱን በውሃ ከበጠበጥኩበት ማሰሮ ቀዳሁላቸው፤ መዳፋቸው ሞላ። በአንድ ትንፋሽ ጠጡትና ጺማቸውን ጠረጉ። «ከኮሶ ይሻላል» አሉ። ያን ጊዜ ሁሉም ሳቀ። ጠይብም «በሉ እንግዲህ፣ በዚህ ዓመት አያ ቢራራን የሚደፍር ትል የለም» አለ። አለምነህ በጉን ለቀቀልኝ።

በዚያ ቢበቃ መልካም ነበር። ግን ሰኞና ማክሰኞ በየቤቱ ስዞር አባባ አብረውኝ ዞሩ። በአንዱ ደጅ ቀምሶ በሌላው ዝም ማለት ሌላውን መናቅ ይሆናል አሉ። በሦስቱ ቀን ሰባት ቤት ነበር። ሰባቱንም የቀዳሁላቸው እኔ ነኝ።

ከቁጥር አራት ለአርባ ሰባት በጎች ሰጥቻለሁ። በአንድ ሰዓት ውስጥ አሥራ አራቱ ለሃጫቸው ተዝረከረከ፤ ከንፈራቸው ተንቀጠቀጠ፤ የኋላ እግራቸው ከዳቸው። የቅዳሜዎቹን በድሮውም የሚታይ ነው፣ ያልፋል ብዬ ዞርኩ፤ ማክሰኞ ማታና ረቡዕ ግን አምስቱ ሞቱ። የአለምነህ እርጉዝ በግ አንዷ ናት፤ ሆዷ ውስጥ መንታ ነበር። ሌሎቹ ዘጠኙ ተነሥተው መጋጥ ጀመሩና ተረፉ ብዬ ጻፍኩ። በሰባተኛውና በስምንተኛው ቀን ከእነዚያ አራቱ እንደገና ታመሙ። አሁን መንቀጥቀጥ የለም። ትኩሳት አላቸው። ድዳቸውና ምላሳቸው ቆስሏል፤ ሣሩን ያሸቱትና ይተዉታል። ከአራቱ ሁለቱ እስከ ዛሬ ጠዋት ሞተዋል። ሬሳቸውን ጥልቅ ጉድጓድ አስቆፍሬ ቀበርኩ። ገደሉ ላይ ጆፌ አሞሮች ተሰብስበው ሁለት ቀን ሙሉ ሲያዩን ዋሉ።

አለምነህ አልተቆጣኝም። ቢቆጣ ይቀለኝ ነበር። ልቅሶ ቤት እንደመጣ ሰው ተቀምጦ «አባትህ እኮ ቀምሰውልናል። መድኃኒቱ ቢሆን ኖሮ እሳቸውን ይጀምር ነበር። የእግዜር ነገር ነው» አለኝ። መንደሩ ሁሉ የሚለው ይህንኑ ነው። አንድም ሰው ጠርሙሱን አልጠረጠረም።

እዚህ ላይ አንድ መስመር ጽፌ ነበር። አባባ ሰምተው «ይኼን ሰርዝ» አሉኝ። ሰርዤዋለሁ።

ከዚያ በኋላ ነው ሠንጠረዡን እንደገና ያወጣሁት። ጠይብ እህል ሲገዛ አይተሽው ታውቂያለሽ? ከላይ ያለውን አያይም። እጁን እስከ ክርኑ ጆንያው ውስጥ ከትቶ ከታች ይዘግናል። እኔም ቁጥሮቹን ትቼ ከጎናቸው በትንንሹ የጻፍሽውን አነበብኩ። ከአምስቱ አጠገብ ያለው አንድ ዓይነት ነው፤ «ዘይት ሆነ፤ እንዳለ ተለካ።» ከቁጥር አራት አጠገብ እንዲህ ይላል፤ «በራሱ ጠጠረ። በቀዝቃዛ አልኮል ታጠበ፤ ደረቀ፤ ተለካ።»

ታጠበ የሚለው ላይ ቆምኩ። አንድ ጊዜ በስልክ የነገርሽኝ ትዝ አለኝ። እንዲህ ያለ ነገር ሲጠጥር ግራው ከግራው ጋር እየተሰለፈ ይጠጥራል፣ የቀረው በፈሳሹ ውስጥ ይቀራል ብለሽኛል። እንግዲያ ፈሳሹን ደፍተሽ ጠጠሩን አጥበሽ ከለካሽ፣ ዘጠና ስምንት ያደረገው ካታሊስቱ ነው ወይስ እጥበቱ? አምስቱን ከነግርዳቸው መዝነሽ ስድስተኛውን ነፍተሽ ከመዘንሽ ውድድሩ እኩል አይደለም። እኔ ኬሚስት አይደለሁም። ግን ገበያ አውቃለሁ።

አውቀሽ እንዳላደረግሽው አምናለሁ። ከየት እንዳመጣሽውም አውቃለሁ። እናታችን ገበያነሽ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ለሰው የሚሄድ ስንዴ እንክርዳዱ ሳይለቀም ከቤት አይወጣም ትል ነበር። ለራሳችን ሲሆን ከነግርዱ እንበላለን፤ ለጎረቤት ሲሆን ሰፌዱን ጭንሽ ላይ አስቀምጣ ዓይንሽ እስኪደክም ታስለቅምሽ ነበር። ያን ጊዜ ዘጠኝ ዓመትሽ ነው። አንድ ቀን እንክርዳድ ያለበት እንጀራ በልተን ሁላችንም ዞሮብን ግድግዳ ይዘን የቆምንበትን ታስታውሺዋለሽ። ለቅሞ ማሳየት ለአንቺ ማታለል ሆኖ አይታይሽም፤ ወግ ነው። ያማረ ጠጠር ስታዪ እጅሽ በራሱ አጠበው።

የላክሽልኝ ጠርሙስ ላይ ያለው ጽሑፍ ግን ሌላ ነው። «ቁጥር 4፣ ትልቁ ሥራ፣ ሳይታጠብ የደረቀ» ይላል። ዘጠና ስምንቱን አምነሽ በብዛት ስትሠሪው እንዳይቀንስ ብለሽ አላጠብሽውም። ያ ማለት ፈሳሹ ውስጥ ይቀር የነበረው ሁሉ ጠርሙሱ ውስጥ አለ። እኔ ደግሞ ንጹሕ ግራ ነው ብዬ እጥፉን ሰጥቻለሁ።

ኅዳር 19 ቀን ሠንጠረዡን በፕሮፌሰሩና በፋብሪካው ሰዎች ፊት ታቀርቢያለሽ ብለሽኝ ነበር። አሻግሬን ይመርጣሉ። ፈጣን ነው፣ ርካሽ ነው፣ በወረቀትም ንጹሕ ነው። ማን አይመርጠውም? ፋብሪካ ግን እንደ እናታችን አይለቅምም። ማጠብ ግማሹን ያስቀራልና በበርሜል ሳይታጠብ ያደርቁታል። ከዚያ በኋላ ጃናሞራም ዳባትም፣ ስሙን የማናውቀው አገርም ይደርሳል፤ እዚያም በጎቻቸውን እየነዱ የሚቆሙ ሰዎች አሉ።

ከአንቺ የምፈልገው አንድ ቁጥር ነው። ከትልቁ ሥራ ጥቂት አስቀርቼ አስቀምጫለሁ ብለሽኛል። እሱን ሳታጥቢ፣ እንዳለ ለኪው። ቀኙ ከመቶ ስንት እንደሆነ እወቂልኝ። ከዚያ ለፕሮፌሰሩ ንገሪው። የሚመጣብሽን አላቀልልብሽም፤ አራት ዓመት የደከምሽበት ነው፣ ጠርሙስ ወደ አገር ቤት መላክሽም ይጠየቅብሻል። እኔም ለቢሮ ሰኞ ጠዋት አመለክታለሁ። ሥራዬ ከቀረ ገብስ አለ።

ዶክተር ዓለምብርሃንን፣ የሆስፒታሉን፣ ረቡዕ ዕለት መንገድ ላይ አግኝቼ ስለ በጎቹ አወራሁት። «ከሳምንት በኋላ ትኩሳትና የአፍ ቁስል ከመጣ ደሙን ማየት ነው። ነጭ የደም ሴሉ ወርዶ ይሆናል። ምን ያህል መርዝ እንደገባ የሚያውቅ ሰው ካለ ጠይቁት፤ በጭፍን ማከም ይከብዳል» አለኝ። ደግሞ «ቶሎ» አለኝ። ያወራነው ስለ በጎቹ ነው።

«የበጎቹን ጻፍላት» አሉ አባባ አሁን። «የበጎቹ ይበቃታል።»

ስለ አባባ እሳቸው እንደነገሩኝ እጽፋለሁ። ደህና ነኝ በላት ብለዋል። ትናንት ኅዳር ሚካኤል ነበር፤ ቤተ ክርስቲያን አልሄዱም። «ብርድ መትቶኛል በላት» አሉኝ። ቄስ ሀብተ ሚካኤል ከቅዳሴ በኋላ ሊጠይቋቸው መጥተው ነበር፤ ከጋቢው ሳይወጡ ነው የተሳለሟቸው። ትኩስ ነገር አይቀርብልኝ ብለዋል። በርበሬም ትተዋል። «ከነገ ወዲያ ጾሙ ይገባል፤ ከአሁኑ እየለመድኩ ነው» ይላሉ። ቀዝቃዛ የአጃ ሙቅ አሲያ፣ የጠይብ ሚስት፣ በሰው ትልክላቸዋለች፤ እሱን በማንኪያ ይወስዳሉ። ሆስፒታል እንሂድ ብያቸው ነበር። «ደባርቅ ሆስፒታል ደጃፍ ላይ ቆሜ የታየሁ ቀን የልጄ መድኃኒት መርዝ ነው ይባላል። ብርድ ነው። ብርድ ሐኪም አይፈልግም» አሉኝ።

ትናንት የተረፉትን በጎች ስመዝን እሳቸውንም በበግ ሚዛኑ ላይ እንዲቆሙልኝ ለመንኳቸው። ደግፌ አቆምኳቸው። ሃምሳ ስድስት ኪሎ። በመስቀል ስድሳ ሁለት ነበሩ። «ለጠይብ ልትሸጠኝ ነው?» አሉ፤ «በዚህ ክብደቴ እንኳ አይገዛኝም፤ ጥርሴን አይቶ ይሄዳል።» ጠይብ ይህን ስነግረው፣ አጥሩ ላይ ቆሞ ወደ ቤቱ አየና «እኔ እኮ ለሳቅ ነው ያልኩት፣ ደርቤ» አለኝ። ሌላ ሰው ሳይሰማ ነው ያለኝ። ነገ ከሙሌ ጋር አብሮ ጎንደር ይወርዳል፤ ፎቶው በደንብ መነሣቱን ቆሜ አያለሁ ብሏል። መልስሽን በሪያድ ስልክ ላይ ጻፊው፤ ጠይብ ይዞልኝ ይመለሳል።

አባባ ምርቃቱን ራሳቸው ይናገሩታል፤ እኔ እጅ ብቻ ነኝ። «ልጄ፣ በሰው አገር ክፉ አይንካሽ። በወጣሽበት መግቢያ አይጥፋብሽ። እናትሽ ያስተማረችሽን ሰው አይንቅብሽ። ግራሽንም ቀኝሽንም እግዚአብሔር ይባርክልሽ። የቀመስኩት ሁሉ ካንቺ እጅ ስለሆነ ጣፍጦኛል።» አሜን ብያለሁ። አንቺም አሜን በዪ።

በናፍቆት፣
ወንድምሽ ደርቤ ቢራራ

የረሳሁት አለ። ቁጥሩን ስታገኚ ስሌቱን ለሠላሳ ኪሎ በግ አትሥሪው። ለሃምሳ ስድስት ኪሎ ሥሪልኝ፤ ሰባት መዳፍ፣ በሦስት ቀን ውስጥ፣ ከጥቅምት 29 ጀምሮ። ይህን መስመር ለአባባ አነበብኩላቸው። እጃቸውን አዩ።

ሰርዝ አላሉኝም።